ኦርደር ፍሎው ማንበብን ከሐዋሳ ሆኖ መማር፦ ከየት ይጀመራል?

ታቦር_ሥር፦

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ሐዋሳ ኢንዴክስ ፊውቸርስ (በአክሲዮን ገበያ መለኪያ ላይ የሚደረግ የወደፊት ውል) ትሬድ የሚያደርጉ ልጆች እየበዙ ነው። በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ግን ሁሌም አንድ ነው፦ «ኦርደር ፍሎው እንዴት ልማር?» ኦርደር ፍሎው ማለት የሚጠብቁትንና የሚፈጸሙትን የግዢና የሽያጭ ትእዛዞች እያዩ ገበያውን ማንበብ ነው። ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈውና እንወያይበት ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት ዳታችሁ ከየት እንደሚመጣ እዩ። አብዛኞቻችን ገበያውን የተዋወቅነው በሜታትሬደር ፕላትፎርም ነው። እዚያ «ናስ 100» ወይም «ዩኤስ 500» የሚለው ፊውቸርስ አይደለም። ከብሮከራችሁ ጋር የምትገቡት የሲኤፍዲ ውል፣ ማለትም በዋጋው ልዩነት ላይ ብቻ የሚደረግ ውል ነው። ዋጋው እውነተኛውን ገበያ ይከተላል። ከሥር የሚታየው ቮሊዩም (የግብይት ብዛት) ግን ብዙውን ጊዜ ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተቀያየረ የሚቆጥር ነው። ስንት ኮንትራት እንደተሸጠና እንደተገዛ አይናገርም። በዚያ ላይ የዴልታ ኢንዲኬተር (ዴልታን ከታች አብራራለሁ) ጭኖ ኦርደር ፍሎው አነባለሁ ማለት አይሆንም፤ የሚነበብ ነገር የለበትም።

እውነተኛው መዝገብ ያለው ቺካጎ፣ ሲኤምኢ የሚባለው የግብይት ማዕከል ዘንድ ነው። የኤስ ኤንድ ፒ 500 (የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ) ኢ-ሚኒ ፊውቸርስ፣ በአጭሩ ኢኤስ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ እዚያ ይገበያያል። እያንዳንዱ ግብይት በዚያ አንድ ቋት ያልፋል። ዋጋውም፣ ብዛቱም፣ ሰዓቱም ይመዘገባል። ኒውዮርክ ያለ ትልቅ ባንክም እናንተም የምታዩት ያንኑ ነው። ይህን ነገር መማር የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ራሱ ነገር ልግባ። ገበያው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ የሚፈልገውን ዋጋ አስቀምጦ ይጠብቃል። ሊሚት ኦርደር የሚባለው ይህ ነው። ሌላው አይጠብቅም፤ ባለው ዋጋ አሁኑኑ ይገዛል ወይ ይሸጣል። እሱ ማርኬት ኦርደር ነው። ዋጋ የሚንቀሳቀሰው የቸኮለው፣ የጠበቀውን ሰው ኦርደር በልቶ ሲጨርስ፣ ወይም የጠበቀው ኦርደሩን አንስቶ ሲሸሽ ነው። «ዛሬ ገዢ ከሻጭ በዛ» ሲባል ትሰማላችሁ። እንደዚያ የሚባል ነገር የለም። ለተገዛ አንድ ኮንትራት የሸጠ አንድ ሰው አለ። ጥያቄው ማን ቸኮለ ነው። ዴልታም ከዚህ አያልፍም፤ በአስክ (ሻጭ በሚጠብቅበት ዋጋ) ከተገዛው ላይ በቢድ (ገዢ በሚጠብቅበት ዋጋ) የተሸጠውን ስትቀንሱ የሚቀረው ነው።

አዲስ ሰው ዴልታው አረንጓዴ ሲሆን ይገዛል፣ ቀይ ሲሆን ይሸጣል። እኔ የምላችሁ ልፋቱን ከውጤቱ ጋር አስተያዩ ነው። ብዙ ተገዝቶ ዋጋው ካልወጣ፣ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ የሚሸጥ አለ ማለት ነው። እሱን ማግኘት ነው ሥራው።

ምሳሌ ልስጥ። ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል ነው። የትናንቱ ዝቅተኛ ዋጋ 6,010 ነው እንበል። ዛሬ ከ6,022 እየወረደ መጣ። መንገድ ላይ በየዋጋው ሁለት ሦስት መቶ ኮንትራት ይሸጣል፣ ዋጋውም እየታዘዘ ይወርዳል። 6,010.25 ሲደርስ ዶሙ (የሚጠብቁት ኦርደሮች በየዋጋው የሚታዩበት ሰሌዳ) ላይ በቢድ በኩል የሚታየው 80 ኮንትራት ብቻ ነው። ቴፑ (የተፈጸሙ ግብይቶች በተከታታይ የሚወርዱበት ዝርዝር) ላይ ቀዩ፣ ማለትም በቢድ የተሸጠው፣ ይጎርፋል፦ 40፣ 25፣ 110፣ 60። ድምሩ 1,500 አለፈ። ያ 80 ግን አሁንም 80 ገደማ ነው። በተበላ ቁጥር ይሞላል። ዋጋው አንድ ቲክ (ትንሿ የዋጋ እርምጃ) እንኳ አልወረደም። ከጀርባ ትልቅ ግዢ ያለው ሰው ትንሽ ትንሹን ብቻ እያሳየ ነው። አይስበርግ ይባላል። የሚሸጠውን ሁሉ እንዲህ መዋጡ ደግሞ አብሶርፕሽን ነው።

እዚያች ቅጽበት ላይ ግን አልገባም። ሻጮቹ እስኪደክሙ እጠብቃለሁ። የቀዩ ፍጥነት ይበርዳል። ከዚያ አስክ ላይ ሰብሰብ ያሉ ግዢዎች ይመጣሉ፣ ዋጋው 6,011.50 ይነሳል። ታች የሸጡት ሰዎች አሁን ኪሳራ ውስጥ ናቸው፤ ለመውጣት መግዛት አለባቸው። መግቢያዬ እዚያ ነው። ስቶፕ (ኪሳራ እንዳይበዛ የሚያስወጣ ኦርደር) 6,009 ላይ ይቀመጣል። ሁለት ነጥብ ተኩል ማለት ነው። በኢኤስ አንድ ነጥብ 50 ዶላር ስለሆነ 125 ዶላር ይሆናል። በማይክሮው (የኢኤስ አንድ አሥረኛ በሆነው ትንሹ ኮንትራት) አንድ ነጥብ 5 ዶላር ስለሆነ 12.50 ዶላር።

ማይክሮው እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣ ነው። ለእኛ ዓይነት ሰው ትልቅ ነገር ነው። ንባቡን ግን ከትልቁ ከኢኤስ አድርጉ። ትልልቆቹ የሚጫወቱት እዚያ ነው፤ የማይክሮው ዋጋ የኢኤስን ተከትሎ ነው የሚሄደው። አንብቡ ከትልቁ፣ ግቡ በትንሹ።

ሐይቅ_ዳር፦

ተባረክ ወንድሜ። ዶሙን፣ ቴፑን፣ ፉትፕሪንቱን፣ ቮሊዩም ፕሮፋይሉን (በየዋጋው ስንት ግብይት እንደተሠራ የሚያሳየውን) ባንዴ ስከፍት ግን ስክሪኑ ገና አውዳመት ይመስላል። የቱን ይዤ የቱን ልተው?

ታቦር_ሥር፦

ቴፑንና ዶሙን ያዝ። ፉትፕሪንቱ ይቆይ። ፉትፕሪንት ያለፈውን በካንድል ውስጥ ከፋፍሎ የሚያሳይ ነው፤ ለጥናት ግሩም ነው። ፍጥነትን ግን አያሳይም። አምስት መቶ ኮንትራት በሁለት ሰከንድ መሸጡና በሁለት ደቂቃ መሸጡ ፉትፕሪንት ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። ቴፑ ላይ ሰማይና ምድር ነው።

ከዚያ በላይ ዋናው ነገር ቦታ ነው። ገበያው ሳይከፈት ጥቂት ዋጋዎች ጻፍ። የትናንቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ፣ የሌሊቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ፣ ትናንት ብዙ ግብይት የተሠራበት ዋጋ። ዋጋው እነዚያ ጋ እስኪደርስ እጅህን ሰብስበህ ተቀመጥ። መሐል ላይ የሚታየው ግርግር ብዙውን ጊዜ ትርጉም የለውም። እዚያ መሐል ላይ ኦርደር ፍሎው አነባለሁ የሚል ሰው ገበያው ያደክመዋል እንጂ አይከፍለውም።

የቡናው_ሰው፦

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ አለኝ። እኔ ኮምፒውተሩን ብዙም አላውቅበት፤ የልጄን ስክሪን ነው የማየው። ግን ይህ አብሶርፕሽን ያላችሁት ነገር ለእኔ እንግዳ አይደለም። ዕድሜዬን በቡና ነው ያሳለፍኩት።

ቀይ እሸት በሚመጣበት ወቅት ትልቅ ገዢ ትልቅ መሆኑን አይናገርም። ሦስት አራት ሰው ይልካል። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይገዛል፣ በአንድ ዋጋ። ገበሬው ጠዋት ጭኖ ይመጣል፣ ከሰዓትም ይመጣል። ያን ሁሉ ቡና ያየ ሰው «ዋጋው ሊወርድ ነው» ይላል። አይወርድም። ማታ ላይ የሚመጣው ሲሳሳ ነው ነገሩ የሚገለጠው። በማግስቱ ገዢዎቹ ራሳቸው ዋጋ ጨምረው መንገድ ላይ ይጠብቃሉ። እኛ ያኔ የምናየው የመጣውን ቡና ብዛት ሳይሆን፣ ያ ሁሉ መጥቶ ዋጋው ለምን እንደቆመ ነበር።

ምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም. ሲጀመርም ግብይቱ በጩኸት ነበር። ዋጋ ይጮሃል፣ የተስማማ እጅ ለእጅ ይማታል። የለመደ ሰው ከድምፁ ብቻ ማን እንደጨነቀው ያውቅ ነበር።

ታቦር_ሥር፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ከእኔ ረጅም ጽሑፍ ይሄ ይበልጣል።

የቺካጎዎቹም ታሪክ ያው ነው። የኤስ ኤንድ ፒ 500 ፊውቸርስ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጀመር ሰዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተፋፍገው እየጮሁ ነበር የሚገበያዩት። ውጭ ያሉ ትሬደሮች የአዳራሹን ድምፅ በድምፅ ማጉያ ለመስማት ይከፍሉ ነበር። ጩኸቱ ሲጠፋ የቀረልን ቴፑ ነው። ቴፕ ሲፈጥንና ሲቀዘቅዝ የምንሰማው ያን ድምፅ ነው።

ሞጆ_መገንጠያ፦

ከአዳማ ነኝ። ሐሳቡን አከብራለሁ፤ ግን በግልጽ ልናገር። ይህ ነገር ለእኛ አይሆንም። ገበያውን የያዙት ማሽኖች ናቸው። ኢንተርኔታችን እስኪነቃ እነሱ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ፕራይስ አክሽን (የዋጋውን እንቅስቃሴ ብቻ ማየት)፣ ሰፖርትና ሬዚስታንስ (ዋጋ ከታች የሚደገፍበትና ከላይ የሚታገድበት መስመር) በቂ ነው። ኦርደር ፍሎው የሚባለው ኮርስ መሸጫ ሆኗል።

ታቦር_ሥር፦

ኮርስ መሸጫ ሆኗል ያልከው ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በቴሌግራም ሲግናል ሲሸጥ የነበረ ሁሉ ዛሬ የኦርደር ፍሎው መምህር ነው። ማንም ገንዘብ እንዳይከፍል እለምናለሁ።

ፍጥነቱ ላይ ግን ልለይልህ። የሲኤምኢ ማሽኖች ያሉት ከቺካጎ ወጣ ብላ ኦሮራ በምትባል ከተማ ነው። ከእኛ መልእክት ሄዶ እስኪመለስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ይፈጃል። እዚያው አጠገቡ የተቀመጠ ማሽን በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ ነገር ያደርጋል። ኢኤስ ላይ ደግሞ ወረፋ አለ፤ በአንድ ዋጋ ቀድሞ የቆመ ቀድሞ ይስተናገዳል። ስለዚህ የወረፋ ጨዋታ፣ አንድ ቲክ ቆርጦ የመውጣት ጨዋታ፣ የእኛ አይደለም። እሱን እርሱት።

ከላይ ያስቀመጥኩት ምሳሌ ግን የፍጥነት ጉዳይ አይደለም። 1,500 ኮንትራት እስኪዋጥ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ለሰው ዓይን በቂ ጊዜ ነው። ሰፖርትህንም አልነካብህም። ሰፖርት ቦታውን ይነግርሃል። ያ ቦታ ዛሬ ይይዛል ወይስ ይሰበራል የሚለውን ግን መስመሩ አይነግርህም። እዚያ የሚሆነውን ማየት አለብህ። አንተ መስመር ላይ ትገዛለህ፣ እኔ ያው መስመር ላይ ሻጩ ሲሸነፍ አይቼ እገዛለሁ። ልዩነታችን ይህችው ናት።

ሞጆ_መገንጠያ፦

ይሄኛው ገብቶኛል። እንዲህ ከሆነ አልቃወምም።

ፌቨን_ዘሐዋሳ፦

እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬን አልተውም። በየትኛው ሰዓት ብቀመጥ ይሻለኛል? ሰው ሁሉ በራሱ ሰዓት ስለሚጽፍ ግራ ገብቶኛል።

ታቦር_ሥር፦

እህቴ፣ ኒውዮርክ ሰዓቷን በዓመት ሁለቴ ትቀይራለች፣ እኛ አንቀይርም። ግራ የሚያጋባው ይህ ነው። ከመጋቢት መግቢያ ገደማ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ዋናው ገበያ በእኛ ከቀኑ 10፡30 ይከፈትና ከምሽቱ 5፡00 ይዘጋል። በቀሩት ወራት ከ11፡30 እስከ ሌሊቱ 6፡00 ነው። ፊውቸርሱ ቀንና ሌሊት ቢሠራም፣ ለንባብ የሚሆን ሕዝብ ያለው በዚህ መሐል ነው።

በ11፡30 በሚከፈትባቸው ወራት ከቢሮ ወጥተሽ ቤት ስትደርሺ ገበያው ገና ትኩስ ነው። በ10፡30 በሚከፈትባቸው ወራት የመክፈቻው ሰዓት ያመልጥሻል። አትዘኚ። ከምሽቱ 1፡00 ጀምሮ ኒውዮርክ ምሳ ላይ ናት፣ ገበያው ይተኛል፣ ንባቡም አብሮ ይበላሻል። ልጆችሽን አብይ፣ እራትሽን ብይ። ከ3፡00 በኋላ ወደ መዝጊያው ሲጠጋ እንደገና ይነቃል።

ሁለት ሰዓቶች ግን ጻፊ። የዋጋ ንረትና የሥራ ቅጥር ዜናዎች የሚወጡት በዚያው በመጋቢት–ጥቅምት ጊዜ ከቀኑ 9፡30 ነው። የፌዴራል ሪዘርቭ የወለድ ውሳኔ ደግሞ ከምሽቱ 3፡00። በሌላው ወራት አንዳንድ ሰዓት ጨምሪበት። ዜና ሊወጣ ሲል ጠባቂዎቹ ሊሚት ኦርደራቸውን ያነሳሉ። ዶሙ ባዶ ይሆናል። ባዶ ዶም ላይ ትንሽ ኦርደር ዋጋውን ብዙ ያስኬደዋል፣ ስቶፕሽም ካስቀመጥሽው ርቆ ሊወጋ ይችላል። ዜናው ላይ አትቀመጪ።

ፌቨን_ዘሐዋሳ፦

አሁን ሁሉም ግልጽ ሆነልኝ። በጣም አመሰግናለሁ።

አቶቴ_ሰፈር፦

አንድ ነገር ይከነክነኛል። ዶሙ ላይ ሁለት ሺህ ኮንትራት የሚሸጥ ግድግዳ ይታየኛል። ዋጋው ሊደርስበት ሲል ብን ይላል። እንዴት ነው ይህን የምናምነው?

ታቦር_ሥር፦

አታምነው። ዶም ላይ ያለው ሐሳብ ነው፤ ማንም ሐሳቡን ይቀይራል። ቴፕ ላይ ያለው የተፈጸመ ነገር ነው፤ ማንም አይሰርዘውም። ሁለቱ ሲጣሉ ቴፑን ስማ።

የማይፈጸም ኦርደር ሆን ብሎ አስቀምጦ ሌላውን ማስፈራራት ስፑፊንግ ይባላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው የፋይናንስ ሕግ በግልጽ ከልክላዋለች። ናቪንደር ሳራዎ የሚባለው የለንደን ሰው በዚህ ነው የተያዘው። ከወላጆቹ ቤት ሆኖ ይህንኑ ኢ-ሚኒ የሚነግድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 2010 ገበያው በደቂቃዎች ውስጥ ተንኮታኩቶ በተነሳበት ቀንም ትልልቅ የሐሰት የሽያጭ ኦርደሮች ደርድሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ጥፋተኛነቱን አምኗል። ለዚያ ቀን ውድቀት ድርሻው ምን ያህል ነው የሚለው ያከራክራል። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ግድግዳውን ሳይሆን፣ ዋጋው ግድግዳው ጋ ሲደርስ በእርግጥ የተሸጠውን መቁጠር እንዳለብን ነው። ግድግዳው ቆሞ ከተበላ እውነተኛ ነው። ከጠፋ እንዳልነበረ ቁጠረው።

ሐይቅ_ዳር፦

መብራት ሲሄድስ? ትናንት ሰፈራችን ጠፍቶ ነበር። ፖዚሽን ላይ ብሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ ነው የፈራሁት።

ታቦር_ሥር፦

ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። አንዳንድ ፕላትፎርሞች ስቶፕህን በአንተ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚይዙት። ላፕቶፑ ከጠፋ ስቶፑም የለም። ሌሎቹ ብሮከሩ ሰርቨር ወይም ራሱ ግብይት ማዕከሉ ላይ ያስቀምጡታል። የአንተ የትኛው እንደሆነ ብሮከሩን ጠይቅ፣ መልሱንም በዴሞ (በልምምድ ሒሳብ) ፈትነው። ፖዚሽን ክፈት፣ ስቶፕ አስቀምጥ፣ ኢንተርኔቱን ንቀል፣ በስልክህ ገብተህ ስቶፑ አለ ወይ ብለህ እይ። ከዚያ ሌላ የላፕቶፕህ ባትሪ የሚይዝ ይሁን፣ ስልክህ ላይ ዳታ ይኑር፣ የብሮከሩ አፕ ተጭኖ ይጠብቅህ። ስቶፕ ሳይቀመጥ አንድ ኮንትራት እንኳ አይከፈት።

ወንዶ_ገነት፦

ገንዘብ ማስገባቱስ? ፕሮፕ ፈርም (ፈተናውን ላለፈ ሰው ገንዘብ ሰጥቶ የሚያስነግድ ድርጅት) ይሻላል የሚሉ አሉ። ደግሞ አዲስ አበባ የተከፈተው የአክሲዮን ገበያ ላይ ይህን መሥራት አይቻልም?

ታቦር_ሥር፦

የአዲስ አበባው የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሥራ የጀመረ ነው። የኢንዴክስ ፊውቸርስ የለውም። ቢያድግልን ደስ ይለኛል።

የውጭ ምንዛሪ ወደ ውጭ መላክ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሚመራ ጉዳይ ነው። በሰው በሰው፣ በጓሮ በር ዶላር ልኬ ልነግድ ለሚለኝ ሁሉ ተው እላለሁ። ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ከሐምሌ 2016 ወዲህ እያንዳንዱ የዶላር ኪሳራ በብር ሲመነዘር ያማል።

ፕሮፕ ፈርሙ ላይ ደንቡን ቃል በቃል አንብብ። የብዙዎቹ የኪሳራ ገደብ ትርፍህን እየተከተለ ወደ ላይ የሚወጣ ነው። አንዳንዱ ገና ያልዘጋኸውን ትርፍ ጭምር ይቆጥራል። 300 ዶላር ወጥቶ 50 ላይ ብትዘጋው፣ ገደቡ ለ300ው ተነስቶ ይጠብቅሃል። አነበብኩ ብሎ ለመማር የሚገባ ሰው እዚያ ነው የሚያልቀው። ማንበብ ሳትችል የፈተና ክፍያ አትክፈል። መጀመሪያ በሪፕሌይ ሥራ። ያለፈ ቀን ቴፑንና ዶሙን በነበረበት ፍጥነት መልሶ የሚያጫውት ፕላትፎርም አለ። ለቀን ሥራ ያለው ሰው ይህ ከምንም በላይ ነው፤ መክፈቻውን እሑድ ከሰዓት መቀመጥ ትችላለህ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ኮንትራቱ በየሦስት ወሩ ያልቃል፤ በፈረንጆቹ ማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር፣ በወሩ ሦስተኛ ዓርብ። ሰዉ ከዚያ አንድ ሳምንት ገደማ ቀድሞ ወደ ቀጣዩ ኮንትራት ይዛወራል። ድንገት ቴፑ ቀዝቅዞ ካገኛችሁት አሮጌው ላይ መቀመጣችሁን እዩ።

አቶቴ_ሰፈር፦

ሪፕሌይ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። የትናንቱ ከፍተኛ ዋጋ ላይ ግዢው ጎርፍ ነው፣ ዴልታው በጣም አረንጓዴ፣ ዋጋው ግን አይወጣም። አብሶርፕሽን ነው ብዬ ለመሸጥ ስዘጋጅ ዋጋው ትንሽ ቆም አለና ሰብሮት ወጣ። ሰባት ነጥብ ሄደ። ምን አየሁ ማለት ነው?

ታቦር_ሥር፦

አብሶርፕሽኑን በትክክል አይተሃል። ሻጩ ነበረ፤ ግን አለቀበት። ማንም ሻጭ የሚሸጠው መጠን ልክ አለው። ለዚህ ነው ሲዋጥ አትግባ፣ የቸኮለው ሲደክም ጠብቅ ያልኩት። ያንን ቦታ መልሰህ አጫውተውና ሁለት ነገር ፈልግ። አንደኛ፣ ዋጋው «ቆም» ባለበት ጊዜ ወደ ታች ስንት ቲክ ወረደ? ሻጩ አሸንፎ ቢሆን ገዢዎቹ ሲያርፉ ዋጋው ወዲያው መውረድ ነበረበት። አንድ ሁለት ቲክ ብቻ ወርዶ ከቆመ፣ ከታች የሚጠብቅ ገዢ አለ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በአስክ በኩል ሲሞላ የነበረው ቁጥር መሙላቱን መቼ አቆመ? ያቺ ቅጽበት ናት የመሸጡን ሐሳብ የሰረዘችው።

አቶቴ_ሰፈር፦

ሄጄ አየሁት። የወረደው ሁለት ቲክ ነው። አስኩ ደግሞ ሲሞላ ሲሞላ ቆይቶ፣ ከመስበሩ ጥቂት ሰከንድ በፊት አንዴ ተበልቶ አልተሞላም። ቁጥሩ 90 ነበረ፣ 30 ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። አሁን ሌላ ቀን ልክፈት፤ ከሰኞው መክፈቻ እጀምራለሁ።